ስድስቱ የእንቅልፍ ዓመታት

«ቢበዛ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው» አለ ዳይሬክተሩ ከበሩ ወዲያ። «ሦስት ጊዜ ውሃ ጠብ ማድረግ ነው። ማንም ሳያይ፣ ማንም ሳይሰማ እንዝጋው። ነገ ለበዓሉ ሁሉም ሰው በየቁጥሩ መጽሐፉ ውስጥ ይገባል።» እኔ የማኅበራችንን ታሪክ ረቂቅ በብብቴ ሸጉጬ የቤተ ክርስቲያኑን ጽሕፈት ቤት በር እጀታ እንደጨበጥኩ ቆምኩ። መጀመሪያ ስለ አንድ ሕፃን የሚያወራ ነበር የመሰለኝ። ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ክፍል ውስጥ የሕፃን ጥምቀት ቢወራ ምን ይገርማል? ግን ሌላው ሽማግሌ፣ ባለመድኃኒቱ፣ ተቀበለና፣ «እንዴ፣ ሴትዮዋ እኮ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው! ምን ብለን ነው የምንነግራት?» ሲል ክው አልኩ። በዚህ ማኅበር ውስጥ ሃምሳ ስድስት ዓመት የሞላት፣ በጥምቀት መዝገቡ ላይ ቁጥር የሌላት ሴትዮ እኔ ብቻ ነኝ።

የሉተራን ማኅበራችንን የሰባ አምስት ዓመት ታሪክ ጻፊ የተባልኩት ጸሐፊ ሆኜ አይደለም። በከተማችን ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። ሠላሳ ዓመት የሰው ስህተት ስለቅም ኖሬያለሁና ሽማግሌዎቹ የእነሱንም እንድለቅምላቸው ፈለጉ። ዳይሬክተሩ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ሥራው ይኸው ነበር። ከመጽሐፉ መጨረሻ ላይ በሕይወት ያሉት አባላት ስም ከጥምቀት መዝገብ ቁጥራቸው ጋር ይዘርዘር ተባለ። ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ሰው ከቁጥሩ ጋር ሳገናኝ ሰንብቼ የራሴ ላይ ስደርስ ጠፋሁ። ከፊት ወደ ኋላ ገለጥኩ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለጥኩ፣ የለሁም። የማጽኛ ትምህርት ጨርሼ በአሥራ አምስት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጌታ ማዕድ የቀረብኩበት ቀን ተጽፏል። ከዚያ በፊት ግን እንዲህ የምትባል ሰው አልተወለደችም። ሐሙስ ዕለት ለዳይሬክተሩ እንደ ቀልድ ነገርኩት። እሱ ግን ጥርሱን እንኳ አላሳየም።

በሩን ገፍቼ ገባሁ። ሦስቱም ሰላምታዬን ከሚገባው በላይ ሞቅ አድርገው መለሱልኝ። ዳይሬክተሩ ከትምህርት ቤት በጡረታ ከተገለለ ጥቂት ወሩ ነው፤ አሁንም ጠመኔ የያዘ ይመስል ሁለት ጣቱን አጣምሮ ነው የሚያወራው። የሽማግሌዎቹ ሊቀ መንበር እሱ ነው። ባለመድኃኒቱ መዝገብ ያዣቸው ነው፤ ክኒን ቆጥሮ እንደሚሰጥ ሰው ቃሉንም እየቆጠረ ነው የሚያወጣው። ወጣቱ ቄስ ከመጣ ገና ሦስት ወሩ ስለሆነ በገዛ ጽሕፈት ቤቱ እንግዳ መስሎ ከመስኮቱ ሥር የወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ክፍሉ ድሮም ጠባብ ነው፤ ለነገ የመጡት ወንበሮች እስከ ጣሪያው ተደራርበውበት ሰው በጎኑ ነው የሚያልፈው። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ስለማልወድ «ሰምቻለሁ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ተገላገልን» አለ ዳይሬክተሩ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቅ ብትዪ እንጨርሰዋለን።» ባለመድኃኒቱ አንገቱን አከከ። «እኔ ያልገባኝ ነገር አለ። በእኛ ትምህርት እኮ ሕፃኑ ለሞት ከደረሰ፣ ማንም ክርስቲያን ያጥምቀው ጥምቀቱ ጥምቀት ነው፤ አይደገምም። እሷ በተወለደችበት ጊዜ ደግሞ ቄስ አልነበረም። ምናልባት አንድ ሰው አጥምቋት ከሆነስ?» «ማን?» አለ ዳይሬክተሩ።  ሁላችንም ያሰብነው አንድ ሰው ነበር። ዳይሬክተሩ ጣቶቹን ወደ ላይ አነሳ። «የዚያ ሰው ጥምቀት ልክ ነው ካልን፣ በኋላ የመጡት ቄስ አርባ አንድ ልጅ በአንድ ቀን ሰብስበው እንደገና ማጥመቃቸው ስህተት ሊሆን ነው። የእሳቸው ልክ ነው ካልን ደግሞ የመጀመሪያው ምንም አልነበረም ማለት ነው። በበዓላችን ዋዜማ ይህን እንክፈት?» እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ልክ መሰሉኝ። ትንሽ ቆይቶ ሁለቱም ስህተት መሰሉኝ። ከስህተት ጋር እየኖረ ላረጀ ሰው ያሳፍራል። «ያልተጠመቅኩ ከሆነ አርባ ዓመት ሙሉ ከማዕዱ የበላሁት ምንድን ነው?» ልላቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «እሺ» የሚል ነው። ለምን እሺ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያ ሁላችንም ያሰብነው ሰው አክስቴ ናት። እቴቴ ነው የምላት። እናቴ እኔን በወለደች ቀን ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሰማንያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። የከተማው ልብስ አጣቢ ነበረች፤ የሰው ልብስ ካቆመች በኋላም የመሠዊያውን ጨርቅ ማጠብ አልተወችም። የምንኖረው በድሮው ማጠቢያ ቤቷ ውስጥ ነው። የሲሚንቶ ገንዳዎቹ ከግድግዳው ጋር እንደተጣበቁ አሉ፤ አንደኛው ላይ ሳንቃ አጋድመን ሰሃን እንደረድርበታለን፣ ሌላኛው ውስጥ የክረምት ልብስ እናስቀምጣለን። ስገባ ለነገ የሚነጠፈውን ነጭ ጨርቅ ትተኩሳለች። «የዚህ ሳሙና ዋጋ እኮ እጥፍ ሆነ» አለችኝ ቀና ሳትል። «አረፋውን ደግሞ ቀንሰውታል።» ስለ ሳሙናው ትንሽ አወራን። ከዚያ እንደ ዘበት፣ «እቴቴ፣ እኔን ማን ነው ያጠመቀኝ?» አልኳት።

ካውያው ቆመ። «ቄሱ ናቸው እንጂ ማን ሊሆን ነው?» አለች። እኔ ስወለድ ቄስ እንዳልነበረ ነገርኳት። «በኋላ የመጡት ናቸዋ» አለች። በእሳቸው ዝርዝር ውስጥ እንደሌለሁ ነገርኳት። «እንግዲያው ዘለውሻል» አለች፣ ወዲያው ደግሞ «እኔም ረስቼዋለሁ» ጨመረችበት። ጨርቁ ሊያር ሲል ካውያውን ብድግ አደረገችው። በአንድ ትንፋሽ አራት መልስ ሰጠችኝ። እቴቴ እኮ የዛሬ ስልሳ ዓመት የማን ሸሚዝ የትኛው ቁልፉ ጎድሎ እንደመጣ ዛሬም ቆጥራ የምትነግር ሴት ናት። እሷ ረሳሁ ስትል የሚያምናት ጨርሶ የማያውቃት ሰው ብቻ ነው።

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ዳይሬክተሩ «የማይረባ ወረቀት ነው፣ ለማንኛውም ያዢው» ብሎ የሰጠኝን ማህደር ፈታሁ። እስከዚያች ቀን አላየሁትም ነበር፤ ይህን ስናገር አፍራለሁ። ውስጡ በእቴቴ ጽሕፈት የተሞላ የተማሪ ደብተር አገኘሁ። የመጀመሪያው ቄስ ታመው ከሄዱ በኋላ የነበሩት ስድስት ዓመታት ሁሉ በእያንዳንዱ እሑድ አንድ አንድ መስመር አላቸው። «ከስብከት መጽሐፉ ተነበበ። ሰው አሥራ ሰባት።» «ተነበበ። ዝናብ። ሰው ዘጠኝ።» የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ስለሚያፈስ የሚሰበሰቡት እዚሁ፣ አሁን እኔ የተቀመጥኩበት ማጠቢያ ቤት ነበር፤ ሙቀት አለው፣ ገንዳው ጠርዝ ላይም ሰው ይቀመጣል። በመካከል በመካከል ሌላ ዓይነት መስመር አለ። «ሕፃኑ ታሞ ነበር። ተጠመቀ። ዳነ።» «ሕፃኗ ታማ ነበር። ተጠመቀች። አልዳነችም።» እየቆየ ጤነኞቹንም ማምጣት ጀምረው ነበር፤ ቄስ እስኪመጣ ማን ይጠብቃል? እኔ የተወለድኩበትን ሳምንት ፈለግኩ። ገጹ ተቀዷል።

ከደብተሩ ሥር አንድ በመኪና የተተየበ ወረቀት አለ። «ያለ ሥልጣን በእጄ የሠራሁት ሁሉ እንዳልተሠራ እንዲቆጠር ተስማምቻለሁ። ወደፊትም ስለዚህ ነገር አልናገርም።» የእቴቴ ፊርማ አለበት። ከሱ ጋር በመርፌ ቁልፍ የተያያዘው ቃለ ጉባኤ፣ ለሦስት ዓመት ከጌታ ማዕድ ታግዳ የቆየችው ልብስ አጣቢ ስለፈረመች እገዳው መነሳቱን ይናገራል። ሁለቴ አነበብኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ያን ጨርቅ አጥባ፣ ተኩሳ፣ መሠዊያው ላይ ራሷ አንጥፋ፣ ሌላው ሲቀርብ እሷ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ስታይ ነበር። ደሜ ፈላ። በማን ላይ እንደፈላ ግን አላውቀውም። ቄሱ ከሞቱ ቆይተዋል፤ የዚያን ጊዜዎቹ ሽማግሌዎችም እንዲሁ። የቀረችልኝ እሷ ብቻ ስለሆነች የተናደድኩት በእሷ ላይ ነው።

«ለምን ፈረምሽ?» አልኩ ወረቀቱን ከፍ አድርጌ። አየችው፤ ልትቀበለኝ እጇን አልዘረጋችም። «ሦስት ዓመት እኮ ነው» አለች። «ሰው ይርበዋል።»  ውጭ የሆነ መኪና አልነሳ ብሎ ሲያጓራ ይሰማል። «እኔንስ አጥምቀሽኛል?» ስላት፣ «አልናገርም ብዬ ፈርሜያለሁ፤ ሰው ፊርማውን አይበላም» አለችኝ። «እንግዲያው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ሊያጠምቁኝ ነው» አልኳት። ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። «ተጠመቂ» አለች በመጨረሻ፤ «ውሃ ነው፣ ምን ይጎዳሻል?» አፏ ይህን ይላል፤ እጆቿ ግን ጨርቁን አጠፉት፣ ዘረጉት፣ እንደገና አጠፉት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሴን ካቀረብኩላቸው እቴቴ ያን ወረቀት ለሁለተኛ ጊዜ መፈረሟ ነው፤ በዚህኛው ጊዜ በእኔ ራስ ላይ። እምቢ ካልኩ ደግሞ ከሃምሳ ዓመት በላይ የቆየ ዝምታዋን ያለ ፈቃዷ የማፈርሰው እኔ ነኝ። 

ሰባት ሰዓት ላይ ማተሚያ ቤቱ ደረስኩ፤ ከመንገዱ አንድ መታጠፊያ አልፌ ሄጄ ነበር፣ ተመለስኩ። የማተሚያ ማሽኑ ሠራተኛ እጁን በጨርቅ እየጠረገ የመጨረሻዎቹን ገጾች ሰጠኝ። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማሽኑን አጠፋለሁ፣ ነገ በዓላችሁ ነው፤ ቶሎ በይልኝ እትዬ» አለ። ገጽ ስምንት ላይ ዳይሬክተሩ ያጻፈኝ፣ እኔም ያለ ምንም ሐሳብ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር አለ። «ቄስ ባልነበረባቸው ስድስት ዓመታት ማኅበራችን በእንቅልፍ ላይ ቆየች።» የፊደል ግድፈት የለበትም። ነጥቡም በቦታው ነው። እርሳሴን አነሳሁ፤ አስቀመጥኩ፤ አነሳሁ። እዚያ ላይ «አልተኛችም» ብዬ ብጽፍ ማን ነበር የነቃው ይሉኛል። ያንን መናገር የምትችለው ደግሞ አልናገርም ብላለች። «ስምንተኛዋን ገጽ ለመጨረሻ ተዋት» አልኩት። «ምን ሆነች?» አለ። «አላወቅኩም» አልኩት፤ እሱም እንደ እኔ ግራ ገብቶት አየኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ስደርስ እቴቴ ቀድማኝ ደርሳለች። የታጠፈውን ጨርቅ በሁለት እጇ ይዛ ከጽሕፈት ቤቱ በር አጠገብ ቆማለች። «ጨርቁን ላደርስ ነው የመጣሁት» አለች ሳልጠይቃት። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ሞልቶ ተቀምጧል፣ ከጎኑ ፎጣ። ዳይሬክተሩ ሰዓቱን ያያል። ባለመድኃኒቱ መዝገቡን ከፍቶ ብዕሩን ከነክዳኑ ይዟል። ማህደሩን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ወረቀቱን ከላይ አደረግሁት። ይህንንም ያደረግኩት አስቤበት አይደለም። ወጣቱ ቄስ አነሳው፣ አነበበው፤ ጆሮው እስኪቀላ ድረስ ቆየበት።

«ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል» አለ። «ከቁም ሣጥኑ ውስጥ አሮጌውን የሥርዓት መጽሐፍ አግኝቼ ሳነብ ነው ያረፈድኩት። ቄስ በሌለበት የተጠመቀ ሕፃን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ቄሱ አያጠምቀውም። ሕፃኑን ያመጡትን ሰዎች አራት ጥያቄ ይጠይቃል። መልሱ ከተሟላ ጥምቀቱ ይጸናል፣ ይመዘገባል። መልስ ከጠፋ ብቻ ነው ውሃው የሚያስፈልገው።» ዳይሬክተሩ፣ «ይሄ ነገር ወዴት ወዴት እየሄደ ነው?» አለ። «እኔም በደንብ አላውቅም» አለ ቄሱ። ከዚያ ወደ በሩ ዞሮ፣ «ይህችን ሰው ወደ ማኅበሩ ያመጣት ማን ነው?» ሲል ጠየቀ። እቴቴ ጨርቁን ደረቷ ላይ አስጠጋች። «እኔ ነኝ ያመጣኋት፤ ግን ፈርሜያለሁ» አለች። «አውቃለሁ እማማ፣ አሁን አነበብኩት» አለ ቄሱ። «እርስዎ የፈረሙት ላለመናገር ነው። ቄስ በሥርዓቱ ሲጠይቀኝ አልመልስም ብለው አልፈረሙም።» ባለመድኃኒቱ ወረቀቱን ሳብ አድርጎ አየና፣ «እውነትም አይልም» አለ።

«ይህችን ሕፃን ማን አጠመቃት?» አለ ቄሱ። መጽሐፉ ሕፃን ስለሚል ሕፃን አለኝ፤ እኔ መነጽሬን አድርጌ፣ ሽበቴን ተሸክሜ መሃል ላይ ቆሜያለሁ። ማንም አልሳቀም። እቴቴን ቀና ብዬ ላያት አልደፈርኩም። እምቢ ትላለች ብዬ ፈራሁ፤ እሺ ትላለችም ብዬ ፈራሁ። «እኔ» አለች። «በምን አጠመቋት?» «በውሃ። ለማጠቢያ የሞቀ ነበር፤ ሳሙና ያልገባበትን ቀዳሁ።» «በምን ቃል?» «በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም ነዋ። ሌላ ቃል ከየት አመጣለሁ?» ቄሱ ጣቱን በመስመሩ ላይ አወረደ። «እዚያ ማን ነበር?»

እቴቴ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሳህኑ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው። «እናቷ ነበረች» አለች። «አልጋ አልነበረኝም፤ የታጠበ አንሶላ ከምሬ እሱ ላይ ነው ያስተኛኋት። ልጅቷ ጠቁራ ነበር፣ ድምፅም አልነበራትም፤ እኔ የምትሞተው እሷ ናት ብዬ ነው የተጣደፍኩት። ሳጠምቃት እናቷ እያየች ነበር። አሜን አለች። ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል አልወጣትም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አርባ አንዱን ሲወስዱብኝ ዝም አልኩ። አንቺን ግን ታማለች ብዬ አስቀረሁሽ፤ ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ የለም። ገጹንም የቀደድኩት እኔ ነኝ። እናትሽ አሜን ያለችበትን፣ ምንም አልነበረም እንዲሉት አሳልፌ አልሰጥም።» እኔ ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ እናቴ ፊቴን ሳታይ የሞተች ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ብሎ የነገረኝ የለም፤ አይደለም ያለኝም የለም። የወረደ ወንበር ፈልጌ አጣሁና እዚያው ቆሜ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ቄሱ ሳህኑን ወደ መስኮቱ አራቀው። መዝገቡን ወደ ራሱ ሳበና ስሜን ጻፈ፤ «አጥማቂ» በሚለው ሥር የእቴቴን ስም፣ «ምስክር» በሚለው ሥር የእናቴን። ባለመድኃኒቱ ማንንም ሳያማክር ስልኩን አውጥቶ ወደ ማተሚያ ቤቱ ደወለ፤ «ገጽ ስምንትን እንዳታትሟት፣ እንደገና ትጻፋለች» ሲል ሰማሁት። ይህን ማለት የነበረበት ዳይሬክተሩ ነው፤ እሱ ግን ከወንበሮቹ ክምር አንዱን አወረደና ተቀመጠበት። «እኔ እኮ አምስት ዓመቴ ነበር» አለ፤ «አዲስ ጫማ ገዝተውልኝ፣ በእግሬ ሄጄ፣ ቄሱ ሲያጠምቁኝ አስታውሳለሁ። ለስንቱ ሰው አውርቼዋለሁ።» «አውቃለሁ» አለች እቴቴ፤ «ያ ሁለተኛህ ነው።» ዳይሬክተሩ መሬቱን አየ፣ እጆቹን አየ። ሌላ ጊዜ የሚያጣምራቸው ጣቶቹ ተበትነው ጉልበቱ ላይ ናቸው። «የእኔስ እናት ነበረች?» አለ።

«ነበረች እንጂ።»

«ምን አለች?»

እቴቴ አሰብ አደረገች። «ቶሎ በይ፣ ልጄን ብርድ እንዳይመታብኝ አለችኝ» አለችው።